ዘለቀ ከመሳፈሩ በፊት

ከጨንቻ የወጣሁ ዕለት ጭጋጉ የቤታችንን አጥር እንኳ አላሳይ ብሎ ነበር። ገና አልነጋም። እናቴ ቆጮ ጠቅልላ አስይዛኝ እስከ መኪናው ሸኘችኝ። ታናሼን ዘለቀን ግን ተኝቶ ጥዬው ነው የመጣሁት። ይኸው ሃያ ሁለት ዓመት ሆነ። ያኔ ሳልነግረው በመውጣቴ ቂም ይዞብኝ ነበር፤ አሁን ደግሞ ስለነገርኩት ይዞብኛል። ይህን የምጽፈው ለእሱና ከኋላው ለመሳፈር ለምትዘጋጁ ሁሉ ነው።

ጉለሌ ስገባ ያገሬ ልጆች ከቁስቋም ዝቅ ብሎ ባለ አንድ ክፍል ውስጥ አራት ጉድጓድ ቆፍረው ሸማ ሲሠሩ አገኘኋቸው። ሰፊ ከተማ ተብዬ ነበር የመጣሁት፤ የደረሰኝ እግሬን የምከትበት ጉድጓድ ነው። ብርዱ ከጨንቻ አይብስም፣ ግን ደረቅ ነው፣ አጥንት ይፈልጋል። ምግቡን አትጠይቁኝ። ጠዋት ዳቦ በሻይ፣ ቀን ዳቦ በሻይ፤ ሻዩም ስኳር እንጂ ሻይ አይደለም። ወፈርኩ። ለመስቀል አገር ስገባ አይታችሁኝ "አልፎለታል" አላችሁ። ምንም አላለፈልኝም፤ ስኳር በሽታ ይዞኝ ነበር።

ስኳር ያለበት ሰው ይጠማዋል፣ ሽንትም ያጣድፈዋል። አከራያችን እትዬ ዘነበች በመስኮት ይጠብቁኛል። አንድ ቀን "አንተ ሰውዬ፣ የተከራየኸው ክፍሉን ነው ሽንት ቤቱን?" አሉኝ።

"ክፍሉን ነው እትዬ። ሽንት ቤቱ ግን ይሻል ነበር፣ ጣሪያው አያፈስም።"

በማግስቱ ቆለፉበት። ከዚያ ወዲያ በቸገረኝ ቁጥር በራቸውን እያንኳኳሁ ቁልፍ መለመን ሆነ።

መስቀል ሲቃረብ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ባዶ እጁን አገር ላለመግባት ሸማኔ ሁሉ ከጉድጓዱ አይነሳም። እኔም መላ አገኘሁ ብዬ ውሃ መጠጣት ተውኩ። የስኳሩ ኪኒንም ያለ ውሃ አይዋጥም፤ እሱንም ከበዓሉ በኋላ እደርስበታለሁ አልኩ። ይህን ሞኝነት የሠራሁት እኔው ነኝ፣ ማንም አልመከረኝም።

አንድ ረፋድ ላይ ማጉን የማሳልፍበት መወርወሪያ ከቀኝ እጄ ወደቀ። አነሳሁት፤ ደግሞ ወደቀ። ከጎኔ የሚሠራው አንጁሎ ሳቀብኝ። ልመልስለት ስል ምላሴ የሌላ ሰው ሆነብኝ። አፌም ወደ አንድ ጎን ተጣመመ አሉ። ስኳር እንዳለብኝ ያውቃሉና "ስኳሩ ወርዶበት ነው" ብለው ስኳር በውሃ በጥብጠው አፌ ውስጥ ያንቆረቁሩ ጀመር። መዋጥ አልቻልኩም፤ እኩሉ አንገቴ ላይ ፈሰሰ፣ እኩሉ አነቀኝ። ደግመው በጠበጡ። አሁን ይነሳል እያሉ፣ እየጸለዩ ጠበቁ። እኔ ሁሉንም እሰማለሁ፤ አይደለም የምልበት አፍ ግን የለኝም። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ሆስፒታል የደረስኩት ከሰዓት በኋላ ነው።

ካርድ ክፍል ያለው ሰው "በሽተኛው ስሙን ራሱ ይናገር" አለ። አንጁሎ "መናገር ስላቃተው እኮ ነው ያመጣነው" ቢለው፣ "እንግዲያስ ይፈርም" አለ። ፊደል የቆጠርኩት በሰላሳ ስድስት ዓመቴ፣ በማታ ትምህርት ነው። ፊርማ የተማረችው ቀኝ እጄ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠልጥላለች። አውራ ጣቴን ቀለም ቀብተው አስፈረሙኝ።

ስትሮክ ነው አሉ። ዶክተሯ ልጅ እግር ናት፣ ግን አልናቀችኝም። ስኳር ሲበዛ የደም ሥርን ከውስጥ እንደ ዝገት እንደሚበላው፣ ኦክሲዴቲቭ ስትረስ እንደሚባል፤ የተበላው ቦታ ደግሞ እንደ ቁስል እንደሚቆጣ፣ ያንን ብግነት እንደሚሉት አስረዳችኝ። አንጎል ደም ሲያጣ ሁለቱ ተጋግዘው ጉዳቱን ያሰፉታል። ዝገትን እኔም አውቀዋለሁ። የዛገ ሚስማር የነካው ድር ላይ ላዩን ደህና ይመስላል፤ ስትስበው ነው የሚበጠሰው። ስኳር እንዳጠጡኝ ስትሰማ ዓይኗን ጨፈነች። ስትሸኘኝ "መድኃኒቱን አንድ ቀን እንዳያቋርጡ ጋሼ፤ ሁለተኛው ይከፋል" አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ስነሳ መጀመሪያ ስሜን ጮክ ብዬ እጠራለሁ። ቀጥሎ በመስታወት ጥርሴን አሳያለሁ፣ አፌ ቀጥ ማለቱን ለማየት። ይህንንም የምጽፈው በግራ እጄ ነው። ለእናንተ ግን ጉንፋን ይዞኛል ብዬ ዋሽቼ ከመስቀል ቀረሁ።

ባለፈው እሁድ እናቴ ደወለች። ዘለቀ ወደ አንተ ሊመጣ ነውና ሥራ አስይዘው አለችኝ። ደስ አለኝ። ቀጥላ ግን ከስቷል አለች፤ ሌሊት እየተነሳ የእንስራውን ውሃ ይጨርሰዋል፣ ከተማ ሲገባ ይሻለው ይሆናል አለችኝ። ያንን ጥማት አወቅኩት።

ወዲያው ለእሱ ደወልኩ። መውደቄን፣ እጄን፣ ሁሉንም ነገርኩት። ከመሳፈርህ በፊት ጤና ጣቢያ ሄደህ ስኳር ተመርመር፣ ዛሬ ነገ አትበል አልኩት።

"ያኔ ተኝቼ ጥለኸኝ ሄድክ" አለ፣ "አሁን ደግሞ በበሽታ ታስፈራራኛለህ። ከተማው ላንተ ብቻ ነው እንዴ?"

"ዘለቀ፣ ምላሴን አትሰማም? እንዲህ ነበር የማወራው?"

ስልኩን አልዘጋውም። ጆሮዬን ለጥፌ አዳመጥኩ። ጣሳ ሲነሳ ሰማሁ፣ ከዚያ ትንፋሽ ሳይወስድ ሲጠጣ። እስኪጨርስ ጠበቅኩት። ጣሳውን አስቀመጠ። አሁን ይናገራል ስል ደግሞ ሲቀዳ ተሰማኝ።