ያልሞላ ጉባኤ

ሆስፒታላችን ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ ከዳይሬክተሩ እስከ ዘበኛው ሁሉም «ጉምሩክ» ነው የሚላት። ሥራዋ የሐኪሞችን ማስረጃ ማጣራት ነው። ማን የት ተማረ፣ ፈቃዱ ታድሷል ወይ፣ የትኛውን ሕክምና እንዲሠራ ተፈቅዶለታል፤ ይህን ሁሉ አጣርታ ለሐኪሞች ኮሚቴ ታቀርባለች። ደም የማያስደነግጣቸው ጎረምሳ ሐኪሞች እሷን ኮሪደር ላይ ሲያዩ መጸዳጃ ቤት ገብተው ይደበቃሉ። እኔ የደመወዝ ሠራተኛ ነኝ፤ አንድ ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት ስለምንቀመጥ ከባሏ ይበልጥ የማያት እኔ ነኝ። ባሏ ሲቀልድ «እኔን ከማግባቷ በፊት ሦስት ጎረቤቶቼን ጠይቃለች» ይላል። እውነት ነው ወይ ብላት «ሁለት ናቸው» አለችኝ፤ ፈገግ እንኳ አላለችም።

ጭንቁ የመጣው በቀዶ ሐኪሙ ነው። ሰውየው ክፉ ነው ብል ውሸታም እሆናለሁ። በሽተኛ ሲገባ ወንበር ስቦ ያስቀምጣል፤ ሆድ ከፍቶ ሲሠራም እጁ የተመሰገነ ነው። ሆስፒታሉ በትንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብቶ ሐሞት ከረጢት የሚያወጣውን መሣሪያ ሲገዛ ግን «ሥልጠናውን ወስጃለሁ» ብሎ ሥራውን ጀመረ። ጉምሩክ እንደ ልማዷ ማሠልጠኛው ድረስ ደውላ አጣራች። ትምህርቱን ቁጭ ብሎ አዳምጧል፤ በእጁ ሠርቶ ግን አላሳየም። ፈተናው ሳይደርስ ነው የተመለሰው።

ነገሩን ወዲያው ለኮሚቴው አቀረበች። ኮሚቴው አምስት አባላት አሉት፤ ለመወሰን አራቱ መገኘት አለባቸው። አንዱ ለትምህርት ከሄደ ቆይቷልና የቀሩት አራት ብቻ ናቸው። አራተኛው ማን መሰላችሁ? ራሱ ቀዶ ሐኪሙ! የእሱ ጉዳይ ሲነሳ ከክፍሉ መውጣት አለበት። ሲወጣ ሦስት ይቀራሉ፤ ጉባኤው አልሞላም ይባላል። ሲመለስ ይሞላል፤ ያኔ ደግሞ ስለ እሱ መነጋገር ክልክል ነው። አዲስ አባል የሚመርጠው የሐኪሞች ጠቅላላ ስብሰባ ነው፤ እሱም በዓመት አንዴ። ሰይጣን ቁጭ ብሎ ደንብ ቢጽፍ እንዲህ አያሳምረውም።

በዚህ መሀል የጉምሩክ ታናሽ እህት የሐሞት ጠጠር አሟት የእኛው ሆስፒታል ተኛች። ቀዶ ጥገናው በካሜራ ነው ተባለ፤ የሚሠራትም እሱ ነው።

የኮሚቴ ጉዳይ ለውጭ ሰው አይነገርም፤ ጉምሩክም ምስጢር ልትጠብቅ ፈርማለች። ለእኔ እንኳ ያወጣችው ያን ቀን ነው። «ቢያባርሩኝም ያባርሩኝ» አለችና ወደ ተኝቶ መታከሚያው ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት።

«ስሚኝ፣ ይኼ ሐኪም በካሜራ መሥራቱን በደንብ አልተማረም። ተነሺ፣ ሌላ ቦታ እንሂድ።»

እህትየዋ ጎኗን ይዛ ሳቀች። «እትዬ፣ ደግሞ ጀመረሽ! አንቺ ማንን አምነሽ ታውቂያለሽ? የልጄን ሞግዚት መርምረሽ መርምረሽ አስለቅሰሽ አላባረርሻትም?»

«ይኼ እንደዚያ አይደለም። በሞቴ እመኚኝ።»

«ችግር ቢኖርበት ሆስፒታሉ ያሠራዋል? አንቺስ እስከ ዛሬ ዝም ትያለሽ? አሞኛል እትዬ። ዛሬ ነገ ሲሉኝ ከርመው ገና አሁን አልጋ ባገኝ... በናትሽ ተይኝ።»

«አንቺስ ዝም ትያለሽ» ያለቻት ጊዜ የጉምሩክ ፊት አመድ መሰለ። ዝም አላለችም፤ የተናገረችው ሁሉ ጉባኤ ሳይሞላለት ቀረ እንጂ።

ከዚያ ወደ ኮሚቴው ሰብሳቢ ወጣን። ሰብሳቢው ጡረታቸው የደረሰ የሕፃናት ሐኪም ናቸው።

«ዶክተር፣ ነገ ጠዋት እኮ ነው» አለች።

«ምን ላድርግ የኔ ልጅ? እኔ ብቻዬን ኮሚቴ አልሆን።»

«ዳይሬክተሩ ሊያግዱት አይችሉም?»

«ጉዳት ከደረሰ ይችላሉ።»

«ሳይደርስስ?»

መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። «ሳይደርስ ሥልጣኑ የኮሚቴው ነው።»

ክፉ ሰው ቢሆኑ የአፌን ተናግሬ እወጣ ነበር። ደግ ሰው ናቸው፤ ደግ ሰው «አልችልም» ሲል ምን ይባላል? ጉምሩክ በመጨረሻ ቀዶ ሐኪሙን ራሱን ለመነችው፤ የእህቷን ሆድ እንደ ድሮው ከፍቶ እንዲሠራላት። እሱም እጇን ይዞ «ለእህትሽማ በካሜራ ነው፤ ቶሎ እንድትነሳልሽ። አይዞሽ» አላት።

በማግስቱ ቶሎ ያልቃል የተባለው ሥራ እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ቆየ። ነርስ ደም ይዛ ሮጣ ገባች፤ ተመልሳ ወጥታ ሌላ ደም ይዛ ገባች። ጉምሩክ በሩ አጠገብ ቆማ ቦርሳዋን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ኋላ እንደሰማነው ካሜራው ገብቶ አንድ ነገር ተቆረጠ፤ ደሙ አልቆም ሲል ሆዷን ከፍተው ጨረሱት። እህትየዋ በሕይወት ወጣች። ጉምሩክ ግድግዳውን ተደግፋ አለቀሰች፤ እኔም አብሬያት።

ዳይሬክተሩ ጋ ስትገባ «ድናለች አይደል? ጉዳት የለም ማለት ነው። ይህ ለማንም ያጋጥማል» አሏት። ቀጥለውም «ይልቅ ለበሽተኛ ምስጢር ማውጣትሽን ሰምቻለሁ። ከተደገመ ሥራሽን ትለቂያለሽ» አሉ። ማን ነገራቸው? እህትየዋ ናት። ወደ ቀዶ ጥገናው ስትገባ «እህቴ እኮ አልተማረም ትልሃለች» ብላ ሐኪሙን አስቃዋለች፤ ሳቁ ከአፍ ወደ አፍ ዳይሬክተሩ ቢሮ ደረሰ።

በሦስተኛው ቀን ልንጠይቃት ገባን። ሆዷ ከላይ እስከ ታች በፋሻ ተጠቅልሏል፤ እሷ ግን አፏ አላረፈም። አጎራባች አልጋ ላይ አንዲት ወጣት ሴት ታለቅሳለች። በማግስቱ የእሷ ተራ ነው፤ በዚያው ካሜራ፣ በዚያው እጅ።

«አይዞሽ፣ አትፍሪ!» ትላታለች እህትየዋ። «የኔ ሆድ አስቸጋሪ ሆኖ ነው እንጂ እንደሱ ያለ ሐኪም የለም፤ ከሞት ነው ያወጣኝ። ይችን ታያታለሽ? እህቴ ናት። የሐኪሞቹን ማስረጃ የምታጣራው እሷ ናት። ደህና ያልሆነ ሐኪም በእሷ በኩል አያልፍም።»

ሴትየዋ እንባዋን በአንሶላው ጠርጋ ጉምሩክን ቀና ብላ አየቻት።

«እውነት ነው?»

ጉምሩክ እህቷን አየች፤ እኔን አየች። ከንፈሯ ሲላወስ አይቻለሁ። ከዚያ ጠጋ ብላ የሴትየዋን ብርድ ልብስ አስተካከለችላትና «እግዜር ይማርሽ» አለቻት።

«አሜን» አለች ሴትየዋ፤ ቀለል ብሏት ተጋደመች።