አቶ አግዳሚ

ይህ ከሆነ ብዙ ዘመን አልፏል። ሮቤ ገና ስትቆረቆር፣ በየወሩ አንድ ሁለት ቆርቆሮ ቤት ሲጨመርባት ነበር፤ በንጉሡ ጊዜ። ዛሬም ዝናብ ጣሪያዬን ሲደበድበው ያ ቀን ድቅን ይልብኛል። ፍርሃቱ አልፎልኛል፤ እፍረቱ ግን አልለቀቀኝም።

ጎባ አስተማሪ ነበርኩ። ምላሴ ስለታም ነበር፣ አልዋሽም። አብሮን የሚያስተምር ሚስተር ሮይ የሚባል ፈረንጅ ነበር፤ አማርኛ ለምዷል። አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት፣ በአገሩ ቤዝቦል የሚባል ጨዋታ ይጫወት እንደነበር ነገረን። እሱ ኳስ ይወረውራል፣ ሌላው በዱላ ይመታል።

«የኛው ገና ጨዋታ ነዋ!» አልኩት።

አይደለም አለ። ደግሞም እሱ የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው። ዋናው ወርዋሪ ክንዱ ሲዝል ይጠሩታል፤ እስከዚያ አግዳሚ ላይ ይጠብቃል። ጨርሶ የማይጠሩበትም ቀን አለ። ስምንት ዓመት እንዲህ ሠርቶ ትከሻው ሲበላሽ አሰናበቱት።

«ደሞዝ ይከፍሉህ ነበር?»

«አዎ።»

«ለተቀመጥክበት?»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ከዚያን ቀን ጀምሮ «አቶ አግዳሚ» አልኩት፤ ስሙ ተማሪው ዘንድ ሁሉ ደረሰ። እሱም አብሮን ይስቅ ነበር። አንዴ ብቻ፣ «ከባዱ እኮ መቀመጡ ነው» አለኝ። ማን ሰምቶት!

አንድ ቅዳሜ፣ ሮቤ የቤት መሥሪያ ቦታ እየተመራ ነው ሲባል አስከትዬው ሄድኩ። ቦታው ከሻያ ወንዝ ማዶ ነው። ወንዙ ዳር ከብት የሚያጠጡ አባ ሁሴን የሚባሉ ሽማግሌ፣ «ተራራው ላይ ዘንቧል፣ አትግባ ልጄ» አሉኝ።

«ኧረ አባ፣ ይሄ ጉልበቴንም አይደርስ!» ብዬ ሚስተር ሮይን ዳር ትቼ ገባሁ። መሀል ስደርስ ከላይ ጓጓታ ሰማሁ። አንድ ድንጋይ ላይ እንደምንም ዘልዬ ወጣሁ፤ ወዲያው ጎርፉ ዙሪያዬን ያዘው።

«ሂን ሶቾኢን! እንዳትንቀሳቀስ!» ይጮኻሉ አባ ሁሴን።

ወደ ሮቤ የሚሻገረው ገበያተኛ ተሰበሰበ። ጎረምሶቹ ገመድ ጫፍ ላይ ድንጋይ እያሰሩ ይወረውራሉ፤ ገመዱ ረጥቦ ከብዷል፣ ግማሽ መንገድ እንኳ አይደርስም። አንዱ ሲደክመው ሌላው ይሞክራል። ውሃው ቁርጭምጭሚቴን አልፎ ጉልበቴ ደረሰ። ሚስተር ሮይን ባየው፣ ዳር ላይ ቁጭ ብሎ ትከሻውን ያሻል! አሁንም ተቀመጠ፣ ጉድ እኮ ነው፣ አልኩ በልቤ። እናቴን ብቻ አሰብኩ።

የጎረምሶቹ ክንድ ሲዝል ሚስተር ሮይ ተነሣ። ለካ ከአንዲት ነጋዴ ሸክም ላይ ሲባጎ ፈትቶ፣ ከኪሱ የማይለያት አሮጌ ኳሱ ላይ ሲያስር ኖሯል። የሲባጎውን ሌላ ጫፍ ከገመዱ ጋር ቋጠረው።

የመጀመሪያው ውርወራ ከበላዬ አለፈ። እሱም ትከሻውን ይዞ ጎንበስ አለ። ሁለተኛው ጣቴን ነክቶ አመለጠኝ። ሦስተኛውን ሲወረውር የጮኸው ጩኸት እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ኳሷ ደረቴን መታችኝ፤ በሁለት እጄ ያዝኳት። ሲባጎውን ስስብ ገመዱ ተከትሎ መጣ። ወገቤ ላይ አሰርኩ፣ እየጎተቱ አወጡኝ። አባ ሁሴን ጋቢያቸውን አለበሱኝ፤ እኔም የሚስተር ሮይን እግር ይዤ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ሰኞ በሚስተር ሮይ ክፍል በር ሳልፍ ተማሪዎቹ ይስቃሉ። ቀኝ እጁ አልነሣ ብሎት በግራው እየጻፈ ነው፤ ፊደሉ ሁሉ ተወላግዷል። ገባሁና ጠመኔውን ተቀበልኩት። እሱ ከፊት ባለው የተማሪ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ይነግረኛል፣ እኔ እጽፋለሁ። እጁ እስኪድን ሁለት ሳምንት እንዲሁ ሠራን።

የመጀመሪያው ቀን ሲያልቅ እንዲህ አለኝ፦ «ስምንት ዓመት ሌላው ሲደክም እኔ ገባሁ። እኔ ስደክም ግን የገባልኝ አንተ ነህ፣ የመጀመሪያው።»

ያን ቦታ ተመርቼ ቤት ሠራሁበት፤ ይህንንም የምጽፈው እዚያው ሆኜ ነው። በዕድሜዬ ከሠራሁት ሁሉ የምኮራው በዚያች ሁለት ሳምንት ጠመኔ ነው።