የምድር እንቁላል የሚበቅልበት መስክ

ጂቱ ከየካ ሚካኤል በላይ፣ የእንጦጦ ጋራ ሽቅብ መውጣት በሚጀምርበት ተዳፋት ላይ የምትኖር መበለት ነበረች። ሙያዋን የወረሰችው ከአባቷ ነው፤ ጀርባው በኮርቻና በጭነት የቆሰለን ገጣባ በቅሎና አህያ ታክማለች። መድኃኒቷ አንድ ብቻ ነው። በክረምት ከመስኩ ብቅ የምትል፣ ከዶሮ እንቁላል የምታንስ፣ እንደ ሌላው እንጉዳይ እግርም ጥላም የሌላት ነጭ ድብልብል እንጉዳይ አለች። በነጂቱ ቤት «የምድር እንቁላል» ይሏታል። ጥቅምት ሲገባ ትደርቅና ቡናማ ትሆናለች፤ ቆዳዋም ይሳሳል። ያኔ ሲጫኗት ከአናቷ ጭስ የመሰለ ዱቄት ትተፋለች። ጂቱ ቁስሉን በጨው ውሃ ታጥብና፣ አፍንጫዋ እንዳይገባ ትንፋሿን ይዛ፣ ያንን ዱቄት ትነሰንስበታለች። ደሙ ይቆማል፣ እዡም ይደርቃል።

ቤተ መንግሥቱ እንጦጦ ላይ ከተተከለ ወዲህ ሥራዋ በዛ። ለከተማው እህልና ሳንቃ የሚያወጡት በቅሎዎች ዳገቱን ሲመላለሱ ጀርባቸው ይላጥ ነበር። የጭነቱ አለቃ አካሉ የሚባል ከመንዝ የመጣ ሰው ነው፤ ቁመቱም ንግግሩም አጭር። መጀመሪያ አላመናትም። ሰባት በቅሎዎች ካዳነችለት በኋላ ግን «እናቴ» ይላት ጀመር።

በ1876 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ እንጉዳይዋ ጠፋች ማለት ይቻላል። ድሮ ጂቱ በአንድ ማለዳ ቅሏን ትሞላ ነበር፤ በዚያ ዓመት ሦስት ቀን ዞራ ግማሹን እንኳ አላገኘችም። ምክንያቱን ለማወቅ መስኩን ከዳር እስከ ዳር ሄደችበት። የጭነት በቅሎዎች የሚታሰሩበት ቦታ ጭቃ ሆኗል። ወታደሮች ለጎጆ መሥሪያ ሣሩን ከነአፈሩ እየቆረጡ ወስደውታል። የራሷንም ጥፋት አልሸሸገችም። መድኃኒቱ ሲፈለግ ያገኘችውን ሁሉ፣ ገና ያልበሰለውን ነጩን ሳይቀር፣ ስትነቅል ከርማለች።

ወደ አካሉ ሄዳ በቅሎዎቹ ከመስኩ በታች ካለው ወንዝ ማዶ እንዲታሰሩና መስኩ እንዲታጠር ለመነችው። አካሉ ለሣር ሲባል አጥር ማጠር ቀልድ መሰለው።

«መስኩ ካለቀ መድኃኒቱ አለቀ፤» አለችው። «ከዚያ በኋላ በቅሎዎችዎን ወደ ማን ይወስዷቸዋል?»

አካሉ ጥቂት አሰበና ሰዎቹን አዘዘ። በሳምንት ውስጥ መስኩ በቀጋና በአጋም እሾህ ታጠረ።

በዚያ መስክ ግን የሟች ባሏ ወንድም ቱሉ ከአባቱ ጊዜ ጀምሮ ከብት ያሰማራ ነበር። ስድስት ላሞች አሉት። ጂቱ የከብት ኮቴም እንጉዳይዋን ይጨፈልቃል ብላ እነሱንም ከለከለች። ቱሉ ላሞቹ ምን እንደበደሉ ጠየቃትና እየነዳ ከአጥሩ ውጭ ወዳለው ድንጋያማ ጥግ ወሰዳቸው። ከዚያ ቀን በኋላ ገበያ ላይ ቢገናኙ እንኳ ሰላም አይባባሉም።

ክረምቱ ጥሩ ዘነበ። መስኩ ለመለመ፤ ሣሩ ጉልበት ደረሰ። ጂቱ በአጥሩ በኩል ባለፈች ቁጥር ልቧ ይሞላ ነበር። መስከረም ሲጠባ በሩን ከፍታ ገባችና ሣሩን በእጇ እየከፈለች መፈለግ ያዘች። ሥሩ ረጥቧል፣ ቢጫ ሆኖ በስብሷል። እስከ ቀትር ድረስ ያገኘችው ሦስት ብቻ ነው። እዚያው ሣሩ መሐል ቁጭ አለች። ለዚህ ብላ ነው ከዘመድ የተጣላችው።

ስትመለስ በአጥሩ ውጭ በኩል፣ የቱሉ ላሞች በሚግጡበት ድንጋያማ ጥግ አለፈች። ሣሩ እንደተላጨ ራስ አጥሯል። በላዩ ላይ ነጫጭ የምድር እንቁላሎች እዚህም እዚያም ተበትነዋል። አንዲት ያለፈው ዓመት ደረቅ እንጉዳይ ከመሬት ተላቃ በነፋስ ትንከባለላለች፤ ድንጋይ በነካች ቁጥር ከአናቷ ዱቄት ብን ይላል። ጂቱ ቆማ አየቻት። ዘሯን የምትዘራው እንዲህ እየተንከባለለች ነው፤ በረጅም ሣር ውስጥ ግን መላወሻ የላትም፣ ፀሐይም አታገኝም።

ቤቷ ሳትገባ ወደ ቱሉ ሄደች። ደጃፉ ላይ ቀንበር ሲጠርብ አገኘችው።

«ላሞችህን ወደ መስኩ መልስልኝ፤» አለችው።

ቱሉ ቀና አላለም። «ያሳጠርሽው አንቺ ነሽ።»

«እኔ ነኝ። ተሳስቻለሁ። ሣሩን እያጨዱ መድኃኒቴን የሚያበቅሉልኝ ያንተ ላሞች መሆናቸውን አላወቅሁም ነበር።»

ቱሉ መጥረቢያውን አስቀመጠ። «እውነቱን ለመናገር እኔም አላወቅሁም፤» አላት። «እሺ፣ ስድስቱ ይገባሉ። አጥሩ ግን አይነሳ። ያ ሁሉ በቅሎ ተመልሶ ከገባ ለአንቺም ለእኔም አይተርፍም።»

እንዲያ ተስማሙ። ጂቱም ለራሷ ሕግ አወጣች። ነጩን አትነካም፤ ቡናማ ከሆኑት ሦስት ስታገኝ አንዷን ወስዳ ሁለቱን ለነፋስ ትተዋለች። አካሉ ሣር ከነአፈሩ መቁረጥን ከለከለ፤ ትእዛዙን የጣሰ አንድ ወታደር የቆረጠውን ተሸክሞ እንዲመልስና በቦታው እንዲተክል ተደረገ። የተተከለው ሣር ያዘ።

በመጀመሪያው ዓመት ብዙ ለውጥ አልታየም። ገጣባዎቹ በረከቱና ጂቱ አንዳንዱን በጨው ውሃ ብቻ አክማ ሰደደች። በሁለተኛው ዓመት ጥቅምት ግን ሕጓን ሳትጥስ ቅሏን በሁለት ማለዳ ሞላች።

በሦስተኛው ዓመት መስከረም ላይ ቱሉ ከመስኩ ሆኖ ተጣራ። ጂቱ ስታክመው የነበረ በቅሎ የነከሳትን እጇን እንደያዘች እየሮጠች ደረሰች። ቱሉ ድሮ በቅሎዎቹ ይታሰሩበት የነበረው፣ ያኔ ጭቃ የነበረው ቦታ ላይ ቆሟል። አንዲት ላሙን ቀንዷን ይዞ ወደ ኋላ ይገፋታል።

«ልትረግጣት ነበር፤» አላት። «መጥተሽ እዪ፤ እዚህም ወጥታለች።»