ሰባት ቤት ኤክሴል ላይ

ስልኬ ሲጮህ ጋምቤላ ቢሮዬ ውስጥ ደብዳቤ እየተየብኩ ነበር። ታናሽ እህቴ ናት፣ ከሞላሌ። ገና «ሃሎ» ሳልል ለቅሶዋን ለቀቀችው።

«እታለም፣ ሰርጌ ሊፈርስ ነው!»

«ምነው? ልጁ ተወሽ?»

«እሱማ ምን በወጣው! አክስታችን ናቸው እንጂ። ‹ሰባት ቤት አይሞላም› ብለው ቁጭ አሉ። ጌሾው ተወቅጦ፣ ብቅሉ ተፈጭቶ!»

በእኛ አገር ሁለት ሰዎች የሚጋቡት ዝምድናቸው ሰባት ትውልድ ሲርቅ ነው። በሙሽራው በኩል ተቆጥሮ ሞልቷል። በእኛ በኩል ግን የአባታችን ታላቅ እህት ሲቆጥሩ ስድስት ላይ ከእነሱ አያት ጋር ገጠሙ። አንድ ጎደለ። አባቴ ቢኖር እሱ ይጠየቅ ነበር፤ የርስት ክርክር ሲነሳ ዘር ሊያስቆጥሩት ከዘመሮ ድረስ የሚመጡበት ሰው ነበርና። እሱ ካረፈ ደግሞ ዓመት አልፎታል። ሽማግሌዎቹ «እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለመጨረሻ ጊዜ እንቁጠር፤ ካልሞላ ይቅር» ብለው ቀጥረዋል። ከዚያ ወዲያ ዐቢይ ጾም ይገባል።

«አታልቅሺ፣ አባባ እኔ ጋ አለ» አልኳት።

«ኧረ በስመአብ በይ!»

ያልኩት እውነቴን ነው። ከማረፉ በፊት ለዓመት ፈቃድ ሄጄ አያቶቹን ከራሱ ጀምሮ ወደ ላይ ሲቆጥር በስልኬ ቀድቼዋለሁ። የአንዱን ታሪክ ጨርሶ ጠላውን ጎንጨት ሲል መቅጃውን አጠፋለሁ፣ ሌላውን ሲጀምር እከፍታለሁ። ስመለስ ቢሮ ኮምፒዩተር ላይ ገለበጥኩትና ለእያንዳንዱ ቅጂ የባለታሪኩን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ሰጠሁት። በዚያው ፎልደር የችሎት ጨዋታውም፣ ምርቃቱም ተቀላቅሎ ተቀምጧል።

እሑድ አስቀድሼ፣ ጥበቃውን ለምኜ ቢሮ አስከፈትኩ። ፎልደሩን ስከፍተው ረጃጅሙን ስም መሃል ላይ እየቆረጠ ነጥብ ነጥብ ያደርገዋል። በወረቀት ልገለብጥ እስክሪብቶ አነሳሁና ፈራሁ። አንድ መስመር ብዘል አንድ ትውልድ ዘለልኩ ማለት ነው፤ እህቴን ቆሞ ቀር ማድረግ ነው። ስለዚህ ስልጠና ላይ ያሳዩንን ዘዴ አስታወስኩ። ጥቁሩን መስኮት ከፍቼ፣ ፎልደሩ ውስጥ ያለውን የፋይል ስም ሁሉ ወደ አንድ ጽሑፍ የሚያወጣውን ትእዛዝ ጻፍኩና አማትቤ አስገባሁት። ጽሑፉን ኤክሴል ላይ ስከፍተው አያቶቼ በአንድ ዓምድ እንደ ጥምቀት ሰልፈኛ ቆመዋል። ችሎቱንና ምርቃቱን አውጥቼ ሰዎቹን ብቻ አስቀረሁ። ማንም አልተዘለለም። ደስ ብሎኝ ደወልኩ።

እህቴ ደጀ ሰላሙ ውስጥ የስልኩን ድምፅ ለሽማግሌዎቹ ከፍ አድርጋ ያዘችልኝ። ከዓምዱ አናት ጀምሬ ማንበብ ያዝኩ።

«ቆይ ልጄ፣ ቆይ እስቲ» አሉ የንስሐ አባታችን። «ወደ ላይ እየቆጠርን፣ አሁን የጠራሽው ቀድሞ የጠራሽው ሰው ልጅ ነው። ልጅ አባቱን ወለደ?»

«በዚህ አያያዝ ሙሽሪትም አክስቷን ሳትወልድ አትቀርም!» አለ አንዱ፣ ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

«አላልኳችሁም? መኪናውም ሳይቀር ቆጠራ አቃተው» ሲሉ የአክስቴ ድምፅ መጣ።

ፊቴ እንደ በርበሬ ቀላ። ኮምፒዩተሩ ያሰለፋቸው በፊደል ተራ ነው! ፊደል ደግሞ ማን ማንን እንደወለደ ምን ያውቃል? ሆኖም አባቴ የቆጠረው ከራሱ ወደ ላይ በተራ ነበር፤ እያንዳንዱ ቅጂም የተቀዳበትን ሰዓት ይዟል። ትእዛዙን እንደገና ጻፍኩ፣ አሁን ሰዓቱ ከስሙ ጋር እንዲወጣ፣ ተራውም በሰዓቱ እንዲሆን። ከዚያ በድጋሚ አነበብኩ። እያንዳንዱን ስም ስጠራ ሽማግሌዎቹ «እህ… እህ» ይሉልኛል። መሃል ላይ ስደርስ አክስቴ ጮኹ።

«ማን አልሽ? እንዲህ የሚባል ሰው እኛ ቤት አልተወለደም!»

«አባባ ቆጥሮታል፣ እትዬ።»

«እሱን ነው ወይስ ያንን መኪና የማምነው?»

የዚያ ሰው ቅጂ ከሁሉም አጭሩ ነው። የኮምፒዩተሩን ድምፅ እስከ ጥግ ከፍቼ ስልኩን አስጠጋሁለት። የአባቴ ድምፅ ከጋምቤላ ሙቀት ተነስቶ መንዝ ብርድ ውስጥ ገባ፦ «ይኸኛው የልጁን ጥርስ ሳያይ በበሽታ አለፈ። ልጁን አያቱ ስላሳደገው በአያቱ ስም ተጠርቶ ቀረ። እህቴ ሁልጊዜ ትዘለዋለች፤ ብነግራት፣ ብነግራት አትሰማኝ።»

ቅጂውን አጥፍቼ ስልኩን ወደ ጆሮዬ ስመልስ አክስቴ ተናገሩ።

«አንተ ወንድምዓለም፣ ሞተህም ትከራከረኛለህ?» ሳቅ ይሁን እንባ ለይቼ መስማት አልቻልኩም። «ይሁን፣ ረታኸኝ። ሞልቷል። እናንተስ እልል በሉ እንጂ፣ ምን አፌን ታዩኛላችሁ!»

እልልታው ስልኬን አንጫጫው። እኔም ለብቻዬ፣ ባዶ ቢሮ ውስጥ፣ እልል አልኩ። ጥበቃው ደንግጦ በሩን ከፈተ። «እህቴ ልታገባ ነው» ስለው «እሑድ ቢሮ ያስገባሽ ይኸ ነው?» ብሎ ስቆ ሄደ። ለዚያ ልጁን ሳይጠግብ ላለፈ ሰው በማግስቱ ጧፍ አበራሁለት። የክርስትና ስሙን አላውቀውም፤ «አንተ የምታውቀው» ብዬ ለአምላኬ ሰጠሁት።

ለሰርጉ ፈቃድ አላገኘሁም። አሁን እህቴ ሴት ልጅ ወልዳለች፤ ነገ ተነገ ወዲያ ለእሷም ይቆጠርላታል። የእኛን በኩል በተራ ይዣለሁ። የአባቷን በኩል ግን የሙሽራው አጎት በዚያ እልልታ መሃል ደስ ብሏቸው «መኪናው የእኛንም ይስማ!» ብለው ሲቆጥሩ፣ አራተኛው ላይ ካርዴ አለቀና ስልኩ ተዘጋ። እሳቸውም ዛሬ በሕይወት የሉም።

ስለዚህ በዚያ እሑድ ደጀ ሰላሙ ውስጥ የነበራችሁ ሁሉ፣ ከአራተኛው በላይ ማንን እንደጠሩ የምታስታውሱ ካላችሁ እባካችሁ ለእህቴ ንገሯት። አያት ያሳደገው ካለ ወላጁን አትዝለሉብኝ። ኤክሴሉ ላይ መስመሩን ባዶ አድርጌ እየጠበቅኋችሁ ነው።