በመያዣ የተበላ ዳቦ

በአንድ መኪና ተሳፍረን፣ ከአንድ ጆንያ የወጣ ዳቦ በልተን፣ ሌላዋ ሴት በስሟ ብቻ ስትታመን እኔ የእናቴን የብር ድሪ ከአንገቴ አውልቄ በመያዣ እንድሰጥ ተደርጌአለሁ። እንዲታወቅልኝ የምፈልገው በደል ይህ ነው። ልጆቹን የቀበረ ሰው ባለበት አገር የዳቦና የሻይ ነገር ማንሳት ነውር ነው የሚሉኝ አሉ። የራሴ ልጆችም ይሉኛል። ይበሉ። የሞቱትን የሚያነሳ ብዙ ሰው አለ፤ የዳቦውን ነገር ግን ከእኔ ሌላ የሚያውቀው የለም።

ወሎን ረኃብ የመታው ጊዜ ነው። ቤታችን ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ነበር። ቆላው ቀድሞ አለቀ፤ ወደ እኛ ወደ ደጋው የመጣው ቀስ እያለ ነው። መጀመሪያ በሬው ተሸጠ። ከዚያ ባሌ ሥራ ልፈልግ ብሎ ወደ አዋሽ ወረደ፣ ወሬውም ጠፋ። ከዚያ ዘሩን በላን። የገብሱ መዝሪያ ጊዜ በዚህ አመለጠን። የቀረን ሽምብራ ነበር፤ ሽምብራ ዝናቡ ሲያባራ፣ መሬቱ እርጥበቱን ሳይጨርስ የሚዘራ ነውና ጥቂት ጊዜ ነበረኝ። በሬ የሚያውሰኝ ጎረቤት አግኝቻለሁ። ዘሩ ብቻ ነው የጎደለኝ።

እናቴ ስትሞት የተወችልኝ ድሪ አንገቴ ላይ ነበር። መካነ ሰላም ላይ ልሸጠው ብሞክር የሚገዛኝ አጣሁ። በዚያ ዓመት የሴቱ ሁሉ አንገት ባዶ ሆኖ ጌጡ በየሱቁ ተከምሮ ነበር፤ ነጋዴዎቹ የብር ጌጥ ሲያዩ ፊታቸውን ያዞሩ ጀመር። ደሴ ያሉ አንጥረኞች ግን ደህና ዋጋ ይሰጣሉ ተባለ። ልጆቼን ለአማቴ ትቼ፣ ዶሮዎቼን ሸጬ የመሳፈሪያ ከፍዬ፣ ቆዳ በጫነ መኪና ላይ ወጣሁ። ቆዳው የምን እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልግም ነበር። ከብቱ አልቆ የቀረው እሱ ነበር።

የመኪናው ባለቤት ራሱ ነበር የሚነዳው። ካፖርት የለበሰ፣ ድምፁ የሻከረ፣ ቀልድ የሚያውቅ ሰው ነው። በደረቅ ወራት በአንድ ቀን የሚያልቀው መንገድ በክረምት መውጫ ስንት ቀን እንደሚወስድ አምላክ ብቻ ነው የሚያውቀው። ስለዚህ ለመንገድ የሚሆን ዳቦ በጆንያ፣ ለሻይ የሚሆን ምድጃ፣ ለብርድ የሚሆን ሸራ ይዞ ነበር የሚወጣው። ሁሉም በክፍያ ነው። ሕጉንም ሳንነሳ ነገረን። የሚታወቅ ሰው በልቶ ጠጥቶ ደሴ ሲደርስ ይከፍላል። የማይታወቅ ዋስ ይጠራል። ዋስ የሌለው መያዣ ያስይዛል፤ ሲወርድ የበላው ተቀንሶ የቀረው ይመለስለታል።

«አንቺስ፣ ዋስሽ ማን ነው?» አለኝ።

«ዳቦ ለምበላው ዋስ ምን ያደርግልኛል? ላም አልነዳብህ።»

«በዚህ ዓመት ዳቦ ከላም ይበልጣል፣ እታለም።»

ጋቢናው ውስጥ መካነ ሰላም ላይ ጨውና ላምባ የምትሸጥ ሴት ተቀምጣለች። ከልጅነቴ ጀምሮ ጨው የምገዛው ከእሷ ነው። መስኮቱ ሥር ቆሜ፣ «እህቴ፣ ዋስ ሁኝኝ፤ ታውቂኝ የለም ወይ?» አልኳት።

«አውቅሻለሁ። ግን ወላሂ፣ ባሌን ሳልጠይቅ ለሰው ዋስ አልገባም።»

«ዳቦውንስ ባልሽን ጠይቀሽ ነው የምትበዪው?»

ቆዳው ላይ የተቀመጠው ተሳፋሪ ሳቀ። እሷ መስኮቷን ዘጋች። እኔም ድሪዬን አልሰጥም ብዬ ከረጢቴ ውስጥ ያለችውን ቆሎ ይዤ ወጣሁ።

ቆሎዋ ብዙ አልወሰደችኝም። አቀስታ ሳንደርስ፣ ውርጩ አጥንት በሚሰብርበት ከፍታ ላይ፣ መኪናው ጭቃ ውስጥ ገብቶ ቆመ። ወንድ ሴት ሳይባል ወርደን ቆፈርን። ድንጋይ ተሸክመን ጎማው ሥር አነጠፍን። ሞተሩ ይጮሃል፣ ጭቃው ፊታችን ላይ ይረጫል፣ መኪናው ትንሽ ከፍ ይልና ተመልሶ ይሰምጣል። ባለሱቋ ከጋቢናው አልወረደችም፤ ጫማዋ ያንሸራትታታል ተባለ። ከስንት ቁፋሮ በኋላ ረኃቡ ሲያዞረኝ ጎማው አጠገብ ተቀመጥኩ። ያን ጊዜ ያሰብኩት ስለ ሞት አይደለም። እኔ እዚህ ብቀር ዘሩን ማን ይወስድላቸዋል ብዬ ነው ያሰብኩት። ተነስቼ ድሪውን አወለቅኩና ሰጠሁት። አንገቴ ሥር ነፋስ ገባ። እሱ በመሀረብ ጠቅልሎ በካፖርቱ የውስጥ ኪስ አኖረውና ዳቦ ሰጠኝ። ዳቦው ሻግቷል። ባለሱቋም ያንኑ የሻገተ ዳቦ ስትበላ በመስታወቱ አየኋት።

መኪናው ወጣ፣ ደግሞ ገባ፣ ደግሞ አወጣነው። አቀስታ ስንደርስ ባለመኪናው ዳቦ ሊጨምር ወደ አንድ ሱቅ ገባ። ሱቁ ውስጥ ራዲዮ ዙሪያ ሰው ተሰብስቧል። ሲወጣ ቀልዱ ጠፍቶ ነበር። ምን ሰማህ ብለው ሞተሩን አስነሳ። የራሱ ጉዳይ መስሎኝ ተውኩት።

ደሴ ገብተን ቆዳው መራገፍ ሲጀምር ወደ እሱ ሄድኩ። «የበላሁትን ቁጠርና ድሪዬን ስጠኝ፤ እሸጠውና እከፍልሃለሁ» አልኩት።

«የምን ድሪ? ተበላ እኮ!»

«ምን በላው?»

በጣቱ ይቆጥር ጀመር። ዳቦ፣ ሻይ፣ ሸራ ሥር ማደሪያ፣ ከዚያም መኪናው ለቆመባቸው ቀናት።

«ቆሞ ለዋለው ደግሞ እኔ ልክፈል? ቆፍሬ ያወጣሁህ እኔ አይደለሁም?»

«ማን ቆፍሪ አለሽ?» ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ።

በእኛ አገር በደል የደረሰበት ሰው የሚጮኸው አንድ ጩኸት ነበር። ያን የሰማ፣ ሌባም ቢሆን ጌታ፣ ባለበት ይቆማል፤ ዳኛ ሳያየው እግሩን አያነሳም። እኔም ባለ በሌለ ድምፄ፣ «በጃንሆይ አምላክ! ቁም!» አልኩ።

ቆመ። ዞሮ አየኝና ሳቀ። እሱ ብቻ ቢሆን ምን ነበር፤ ቆዳ የሚያራግፉት ሁሉ ሳቁ። አንዱ ወዛደር ሸክሙን ሳያወርድ፣ «እትዬ፣ ጃንሆይ እኮ ከዙፋን ወርደዋል! ራዲዮ ሲናገር አልሰማሽም?» አለኝ። የወረዱት ለካ እኛ ጭቃውን ስንቆፍር ነው። በዚያ ቀን ደሴ ላይ የሚዘፍንም፣ ዝም ብሎ የሚያይም ሰው ነበር፤ እኔ ከሁለቱም አልነበርኩም። ጃንሆይ ሲሄዱ የእኔን ድሪ ይዘው ሄዱ ማለት ነው? ሐቄ የተንጠለጠለው በአንድ ሰው ስም ላይ ከሆነ፣ ሲጀመርም የእኔ ነበር ወይ? ይህን ሐሳብ እስከ ዛሬ አልጨረስኩትም።

እሱ መሄድ ሲጀምር አባቴ ያወራልን የነበረው ነገር ትዝ አለኝ። ድሮ ከሳሽና ተከሳሽ ልብሳቸው ከልብስ ታስሮ፣ ተቆራኝተው ነበር ዳኛ ፊት የሚሄዱት። ሮጬ የነጠላዬን ጫፍ ከካፖርቱ ቀበቶ ጋር ቋጠርኩት። ጭቃ የነካው ነጠላ ሲቋጠር እንደ ድንጋይ ነው።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ተቆራኝተናል። ቋጠሮውን ቀድሞ የፈታ ሐቅ እንደሌለው አመነ ማለት ነው። ፍታው።»

ቢላዋ ነበረው፤ ሊቆርጠው ይችል ነበር። አልቆረጠም። ብዙ ሰው ያያል፣ እሱም የወሎ ልጅ ነው፣ የቋጠሮን ነገር ያውቃል። ተሰላችታ ትፈታኛለች ብሎ መንገዱን ቀጠለ። እኔም ተከተልኩት። ሻይ ቤት ገባ፣ ገባሁ። ጎማ ሊያስለጥፍ ሄደ፣ ሄድኩ። የደሴ ዳገት መቼም አይጣል ነው፤ እሱ ሲፈጥን እኔ እጎተታለሁ፣ እኔ ስቆም እሱ ይጎተታል።

«ሠርጉ መቼ ነው?» ይላል አንዱ ከበረንዳ።

«ጥሎሹን በልቶብኛል!» እላለሁ።

በመጨረሻ እሱ ራሱ ሰለቸው። እህል በረንዳ ላይ ከጥራጥሬ ጆንያዎች መካከል የሚቀመጡ፣ እስላም ክርስቲያኑን የሚዳኙ ሽማግሌ ሼህ ነበሩ። ወደሳቸው ወሰደኝ። ቋጠሮውን ሲያዩ ፈገግ አሉ።

«ይህን ካየሁ ዘመን ሆነኝ» አሉ። «ከሳሽ ማናችሁ?»

«እኔ ነኝ፣ አባቴ» ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። እሱም የሱን ተናገረ። ምስክር ጠየቁን። ዞር ስል ባለሱቋ ከጥራጥሬ ሻጮቹ ጋር ዋጋ ስትከራከር አየኋት። ልጥራት ወይስ ይቅር እያልኩ ሳለ እሷ ራሷ አየችንና ነጠላዋን እያስተካከለች መጣች።

«አንቺ ልጅ፣ ከነዚህ ጋር ነበርሽ?» አሏት ሼሁ።

«አዎ፣ አባባ።»

«ይህች ሴት ምን በላች?»

አልደበቀችም። ዳቦውንም ሻዩንም እንዳለ ተናገረች። እንዲያውም፣ «ከእሷ የበለጠ የበላሁት እኔ ነኝ» አለች።

«መኪናው ለቆመበት አንቺ ትከፍያለሽ?»

«ማንም አልጠየቀኝም።»

ሼሁ ወደ ባለመኪናው ዞሩ። «የቆመበት ዋጋ ካለው ሁሉም ይክፈል፤ ጋቢና የተቀመጠችውም። ከሌለው ማንም አይክፈል። የትኛው ይሁን?»

ባለመኪናው አንገቱን ደፋ። «ይቅር» አለ።

«የቆፈረችበትንስ?»

«ኧረ አንቱ...»

«አብሽር፣ እሱን በሸራው ማደሪያ አቻችለነዋል። የምግቧን ትክፈል፣ ድሪዋን መልስ።»

ድሪውን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ። ገና እዚያው መሀረብ ውስጥ ነበር። እንደታሰርን ወደ አንጥረኛው ሄድን፤ ገንዘብ እስካገኝ ድረስ እዳ አለብኝና እኔም አልፈታሁ፣ እሱም ፍቺኝ አላለ። አንጥረኛው ሁለታችንን አየ፣ ቋጠሮውን አየ፣ ምንም ሳይጠይቅ መዘነ። የሰጠኝ እንደተወራው አልነበረም፤ ለሽምብራው ግን በቃ። ለባለመኪናው የዳቦውንና የሻዩን፣ ባለሱቋ በምትከፍልበት ዋጋ ቆጥሬ ሰጠሁት።

«በይ እንግዲህ ፍቺኝ» አለ።

«አልፈታህም።»

«ምን ቀረሽ? ድሪሽን ወሰድሽ፣ ሸጥሽ፣ ከፈልሽ!»

«መልስ ቀረኝ። እሷን ያለ መያዣ ያመንካት ለምንድን ነው? እኔን ለምን አላመንከኝም? ቤቴ ከሱቋ እሩቅ አይደለም። ሰርቄ አላውቅም፣ ክጄ አላውቅም። ፊቴ ላይ ምን አየህ?»

ይቀልዳል ብዬ ጠበቅሁ። አልቀለደም። አንጥረኛው ደጃፍ ላይ ካለች ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ ቋጠሮው ስለጎተተኝ እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ። የጭቃው ድካም ያን ጊዜ ነው ፊቱ ላይ የታየኝ። ባዶውን መሀረብ እያጠፈ፣ ወደ መንገዱ እያየ ነው የመለሰልኝ።

«ከበልግ በፊት ባላገሩን ያለ መያዣ ነበር የማበላው» አለ። «አንድም የካደኝ ሰው የለም፣ እታለም። ስመለስ ዱቤዬን ልሰበስብ ቤታቸው ድረስ እሄዳለሁ። በሩ ክፍት ነው፣ ሰው የለም። ባለሱቋን ያመንኳት ከአንቺ በልጣ አይደለም። ብትክደኝ በሚቀጥለው ዓመትም እዚያው ሱቋ ውስጥ ቆማ አገኛታለሁ። ባላገር አይክድም። ባላገር ይሞትብኛል።»