በእኔ ፈንታ

ወረታ ላይ ሲ የተባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ ማስተማር ከጀመርሁ ወዲህ እንደ ማክሮ ያደከመኝ ትምህርት የለም። የሚያደክመው ቀላል ስለሆነ ነው። የጻፍነውን ለማሽኑ የሚተረጉመው ኮምፓይለር ፋይሉን ከማንበቡ በፊት ፕሪፕሮሰሰር የሚባል ቀዳሚ ያልፍበታል፤ ሥራው ማክሮ የተባለ ስም ባገኘ ቁጥር ስሙን አንሥቶ በፈንታው የተሰጠውን ጽሑፍ ማስገባት ብቻ ነው። አያሰላም፣ አይጠይቅም። «አምስት» ለሚል ስም «ሁለት ሲደመር ሦስት» የሚል ጽሑፍ ብትሰጡትና ስሙን በሁለት አባዙ ብትሉ፣ ጽሑፉን እንዳለ ይለጥፈዋል፤ ማባዛት ከመደመር ይቀድማልና መልሱ ስምንት ይመጣል። በቅንፍ ዝጉት እላለሁ። በየዓመቱ ክፍሉ በሙሉ ዐሥር ብሎ ይመልሳል፣ እኔም በየዓመቱ ጠመኔዬን አነሣለሁ።

ያን ማክሰኞ ግን ክፍል መግባት አልነበረብኝም። ነሐሴ ነው፤ የፎገራ ሜዳ ውኃ ተኝቶበታል፣ ሩዙን አረም ሊውጠው ደርሷል። የእናቴን ማሳ ጎረቤቶቿ በወንፈል አርመውላት ነበርና አሁን በተራዋ ለአንዷ ጎረቤቷ የአረም ቀን መመለስ አለባት። ወንፈል በልቶ መቅረት በእኛ አገር ከሌብነት እምብዛም አይሻልም። እናቴ ደግሞ ጉልበቷን ታማ ወንዛዬ ፍል ውኃ ሰንብታ፣ ገና ያለ ምርኩዝ ቤተ ክርስቲያን መሳለም መጀመሯ ነው። የጤና ጣቢያው ባለሙያ ውኃ ውስጥ ጎንበስ ብለሽ እንዳትውዪ፣ ዳግመኛ ካበጠ መነሣትሽን እንጃ ብሏታል። «እማዬ፣ በአንቺ ፈንታ እኔ እወርዳለሁ» አልኋት። ፈቃድ ጠየቅሁ፣ ተፈቀደልኝ፣ እሷም መረቀችኝ።

ሰኞ ከሰዓት አለቃዬ የሰጠሁሽ ፈቃድ ቀርቷል፣ ነገ ማካካሻ ክፍል ትገቢያለሽ አለኝ። ለመከራከር እንኳ አቅም አጣሁ። ከእናቴ ጎን ለሚኖረው ወንድሜ ደወልሁለት። «እሺ እህት ዓለም፣ ለእኔ ተይው» አለኝ። ልቤ አረፈና ስልኩን ዘጋሁ።

በማግሥቱ ሰሌዳው ላይ «ሀ ማለት ለ ነው፣ ለ ማለት ሐ ነው» ብዬ ጻፍሁ። ፕሪፕሮሰሰሩ ሀን ሲያገኝ ለን ያስገባል፤ ያስገባውን መልሶ ያነብና ለን ሲያይ ሐን ያስገባል፤ የሚተካ ስም እስኪያልቅ እንዲህ እያለ ይሄዳል። ከኋላ የተቀመጠች ተማሪ «ሐ ማለት ሀ ነው ብንለውስ? ሲዞር ሊኖር ነው?» አለች። አይዞርም አልኋት። አንድ ስም ከራሱ ትርጉም ውስጥ ተመልሶ ከመጣ ፕሪፕሮሰሰሩ አይነካውም፣ እንዳለ ትቶት ያልፋል። «ታዲያ ያ ሁሉ መተካካት ምን ፈየደ?» አለች። ምንም አልፈየደ፣ ሀ ብለን ጀምረን ሀ ላይ ቀረን አልኋት። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ።

ከሰዓት በኋላ በባጃጅ ወደ ሰፈራችን ሄድሁ። እናቴ መደብ ላይ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች። ጭቃው እስከ ጭኗ ደርቋል፣ ሁለቱም ጉልበቶቿ ተነፍተዋል። የሆነውን የወንድሜ ሚስት እያለቀሰች ነገረችኝ። ወንድሜን የወይፈን ገዥ አንበሳሜ ከተማ ቀጥሮት ኖሮ አረሙን ለእሷ አደራ ብሎ ወጣ። እሷ ልትወርድ ስትል ጨቅላ ልጇን አተኮሰው። ጤና ጣቢያ ይዛው ለመሮጥ ስትነሣ በአጠገቧ ያለችው ሰው እናቴ ብቻ ነበረች። «እማማ፣ ምን ይሻለኛል?» ብትላት፣ እናቴ «አንቺ ልጅሽን አሳክሚ» ብላ ቀሚሷን ሸብ አድርጋ ወደ ማሳው ወረደች።

ማንን ልቆጣ? ወንድሜ አልዋሸ፣ ሚስቱ አልሰነፈች፣ እኔም ቀልጄ አልዋልሁ። ሁላችንም እሺ ብለናል። ተናድጃለሁ፤ ነገር ግን ከንዴቴ ድካሜ በዛና ለብ ባለ ውኃ እግሯን ማጠብ ጀመርሁ።

«እማዬ፣ ምነው ብትደውይልኝ?» አልኋት።

«ደውዬ ምን ልበል? ሰሌዳሽን ትተሽ ነይ ልበልሽ?»

ወንድሜ ከአንበሳሜ ገብቶ፣ አንገቱን ደፍቶ በሩ አጠገብ ተቀመጠ። ብዙም ሳይቆይ ወንፈሉ የተመለሰላት ጎረቤት ልታመሰግን መጣች። እናቴ ድምጿን ስትሰማ ጋቢዋን ጉልበቷ ላይ ጣል አደረገች። ጎረቤቷ መርቃ መርቃ ስታበቃ «የሚመጣው ማክሰኞ ደግሞ የእህቴ ማሳ ነው። እሷም አርማላችኋለች፤ ከእናንተ ቤት ማን ይወርድላታል?» አለች።

ወንድሜ ሚስቱን አየ። ሚስቱ ልጇን አየች።

«እኔ እወርዳለሁ» አልሁ፣ ጮክ ብዬ።

እናቴ ወደ እኔ ሳትዞር «እሷ ካልተመቻት እኔ አለሁ» አለቻት።