አባቴና አማቼ የጠበቁት ድንበር

ባለፈው ሳምንት ሞላሌ ገበያ አንድ ሰው አዲስ የታጨደ ጓሳ በአህያ ጭኖ አጠገቤ አለፈ። የሣሩ ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ የወጣትነቴ ፍርሃት መጣብኝ። አርጅቼም አልለቀቀኝም።

ያኔ ሙሽራ ነበርኩ፤ የተዳርኩትም ከወንዝ ማዶ ነው። በአባቴ አገርና በባሌ አገር መካከል ያለው የጓሳ ሜዳ ሰውን ሲያጣላ ኖሮ፣ በዚያ ዓመት የባሌ የአጎት ልጅ በአባቴ አገር ሰዎች እጅ እዚያው ተገደለ። ሽማግሌዎች ገቡና፣ ዳኛ መጥቶ ድንበሩን እስኪለይ ድረስ፣ ከየወገኑ አንድ ሰው መሣሪያ ሳይዝ ሜዳው ላይ እየዋለ ሰላሙን እንዲጠብቅ አስማሙ። ከዚያ ወገን አባቴ፣ ከዚህ ወገን የባሌ አባት፣ አማቼ፣ ተመረጡ። የተሻገረ ከብት ይመልሳሉ፤ የተቆጣ ሰው ያበርዳሉ።

መጀመሪያ ላይ ጀርባ ተሰጣጥተው ነበር የሚቀመጡት። ምሳ የማደርሰው እኔ ነበርኩና የሁለቱንም በአንድ አገልግል አደረግሁት።

"የአባትሽስ የታለ?" አሉኝ አማቼ።

"እዚያው ውስጥ ነው" አልኩ፣ መሬት መሬት እያየሁ።

አገልግሉን ከፈቱና "በል እንግዲህ፣ ቅረብ" አሏቸው አባቴን።

አንድ ቀን ጉም ሜዳውን ሸፍኖታል። ሁለቱ እየበሉ ሳለ ጠመንጃ ሲቀባበል ሰማሁ። ዋርሳዬ ነበር፣ የባሌ ታናሽ ወንድም። ዓይኑ ደም ለብሷል። አፈ ሙዙን ወደ አባቴ አዞረ።

"የአጎቴን ልጅ በገደላችሁበት ሣር ላይ ቁጭ ብለህ ትበላለህ?"

አባቴ ንቅንቅ አላሉም። አማቼ ግን የጎረሱትን እንኳ ሳይውጡ ተነሥተው መሀል ገቡ።

"አባባ፣ ዞር ይበሉ!"

"አልልም። እዚህ የምውለው ሣር ልጠብቅ መስሎሃል? አንተንም ልጠብቅ ነው። ተኩስ፤ ለእናትህ የምትነግራትን አንተው ታውቃለህ።"

ዋርሳዬ ጠመንጃውን አስቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ። አባቴ ተነሡና፣ ጋቢያቸውን አለበሱት።

ዳኛው መጥቶ ሜዳውን ለሁለት ከፈለው፤ ከዚያ ወዲህ ደም አልፈሰሰበትም። አማቼ ግን ክረምቱ ሳይወጣ ታመው አረፉ። በቀብሩ ዕለት አባቴ የሞላውን ወንዝ ብቻቸውን ተሻግረው፣ እስከ ወገባቸው ረጥበው ደረሱ። የአገሩ ሰው ዓይን ዓይናቸውን ያይ ጀመር። ቃሬዛውን ከተሸከሙት አንዱ ዋርሳዬ ነበር። ጠጋ ብሎ ከቃሬዛው ሥር ቦታ ሰጣቸው።

አባቴ አጭር፣ እሱ ረጅም ነው። ቃሬዛው እንዳያዘነብል፣ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ያለውን ዳገት ሙሉ ጎንበስ እንዳለ ወጣው።